የግራው ፍሬን

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ ጉሙ ከቦርከና ገና ሳይነሳ፣
አፍንጫውን ወደ ሐረጎ አዙሮ ቆሟል
ያ ቢጫ አንበጣ አሳዳጅ፣ ያ ደረተ ኮሳሳ።
ነዳጁን ጠጥቷል፤ መርዙን ግን ገና አልጫንበትም፤
ፍሬኑ ሳይፈተን ጋሽ ሙሄ አይፈርምበትም።
ከባቲ ስልክ አለ፣ ከሌሊት ጀምሮ፤
«ማሽላው አለቀ፣ ምነው ዘገያችሁ?»
ይላል አንድ ጎልማሳ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

እኔ ታኮ ያዥ ነኝ።
ድሮም ታኮ ያዥ ነበርሁ፣ በአጎቴ ኤንትሬ ላይ፤
ሐረጎን ስንወርድ ፍሬኑ ግሎ የተቃጠለ ፀጉር ሲሸት፣
ዘልዬ እየወረድሁ ከጎማው ፊት እንጨት የምወትፍ፣
አንዳንዴ ከሞት፣ አንዳንዴ ከአጎቴ ጥፊ
ለጥቂት የምተርፍ።

ለመብረር የተሠራ ነገር ቆሞ እንደሚፈተን ያወቅሁት እዚህ ነው።
ሞተሩ እስከ ጥግ ይጮሃል፤
ካፒቴን መሬማ ሁለቱን ፔዳል ረግጣ ትይዛለች፤
ታኮው ይነሳል፤
አለመሄድ ነው ፈተናው።

ጋሽ ሙሄ እጁን አነሳ። ታኮውን ሳብሁት።
ሞተሩ አገሳ፣ ሣሩ ተኛ፣ ባርኔጣዬን ነፋስ ወሰደው።
የቀኙ ጎማ እንደ ችካል ቆመ፤
የግራው ግን ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ተንፏቀቀ፤
አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞሮ የነዳጅ በርሜሎቹን አየ፤
የሁላችን ምራቅ ደረቀ።
መሬማ አጠፋችው፤ «ፔዳሉ ዳቦ ሆኗል» አለች፤
«ይሰምጣል እንጂ አይመልስም»፣ እግሯን እያየች።

አየር ገብቶበት ይሆናል ተባለ። እኔ ፔዳል ረገጥሁ፤
ጋሽ ሙሄ ከጎማው ሥር ተንጋሎ
«ያዝ!» ሲል ያዝሁ፣ «ልቀቅ!» ሲል ለቀቅሁ።
በቀጭኗ ቱቦ ቀይ ዘይት አረፋ እየደፈቀ ወረደ፤
ከዚያ ጠራ፤ ብሎኑን አጥብቆ፣ «በል ተነስ» ብሎኝ
ወደ ጥላው ሄደ።

ሞተሩ ጮኸ። ታኮው ተነሳ።
ግራው ደግሞ ተንፏቀቀ።
ስልኩም ጮኸ። ባቲ ነው። ማንም አላነሳ።

ሦስተኛውን አልሞከርንም።
እኔ አውቅ ነበር።
ትናንት ማታ በባትሪ ብርሃን ስንገጥም፣
ጋሽ ሙሄ ለመግሪብ ሰላት ወጣ ሲል፣
ያቺን የጎማ ቀለበት ዘይት ሳልቀባት፣ በደረቋ፣
ጎትቼ አስገባኋት፣ ቶሎ ልጨርስ ስል።
«ጭር» አለች። ክር ሲበጠስ ያህል ነው።
ትንኝ ነው አልሁ።
ለራሴ የነገርሁት ይህንን ነው።

«ጋሽ ሙሄ።»
«አቤት።»
«ቀለበቷን... ደረቋን ነው ያስገባኋት።»
ጥፊ ጠበቅሁ፤ የአጎቴ ዓይነት፣ ጆሮ የምታስጮህ፣ የማውቃት።

እሱ ጎማውን ፈታ፣ ፒስተኑን አወጣ፣
ቀለበቷን ወደ ፀሐይ ያዛት።
ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፤ ብርሃን አለፈበት።
«መቼ ልትነግረኝ ነበር? ልታርፍ ስትመለስ?»
አለ፣ መሬማን በአገጩ እያሳየ።
እሷ ክንፉ ጥላ ሥር ብርቱካን ትልጣለች፣
ልጣጩን ሳትበጥስ፣ እያዞረች።

አዲሷን ከሳጥን አውጥቶ መዳፌ ላይ ጣለ።
«አንተው ግጠማት» አለ።
ቀባኋት። ደግሜ ቀባኋት።
እጄ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ባትሪውን አቀረበልኝ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ረፋድ ላይ ሞተሩ አገሳ።
ክንፉ ተርገበገበ፣ ጭራው ሊነሳ ቃጣው፤
ቆመ።
ቆመ፣ ቆመ። በመቆሙ አጨበጨብንለት፤
ዘበኛው አያ ወርቄ እንኳ
«ምን ሆኖ ነው የማይሄደው?» እያለ አጨበጨበለት።

መርዙ ተጫነ። ጋሽ ሙሄ ፈረመ። መሬማ ወደ ባቲ በረረች።
ከማሽላው ምን ያህሉን እንዳገኘች አልጠየቅሁም፤
ያ ሰውዬ ግን ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

የተሰነጠቀችው ቀለበት፣ ሁለት ዙር ታጥፋ፣ ጣቴ ላይ ናት።
«አገባህ እንዴ?» ይሉኛል ደሴ፣ ፒያሳ፣ ቁርስ ቤት።
«አዎ» እላለሁ።
ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ
እግሬ ባዶ ወለል ይረግጣል።
ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል፤
ስይዝ።
ስለቅ።